ለክላራ የተሠራ መቁጠሪያ

ኢዮስያስ የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲበሳ መቁጠሪያ እየሠራ መሆኑን ለማንም አልተናገረም። ለባለቤቱም ቢሆን። ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር አካባቢ፣ ከአንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ጀርባ ያለችው ሥራ ቤቱ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። እዚያ ተቀምጦ የወሎ ኦፓል ይቆርጣል፣ ያለሰልሳል፣ ይበሳል። የእህቱ ልጆች፣ የጎረቤት ልጆች፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ዘማሪዎች በየሠርጋቸው ቀን አንገታቸው ላይ ያጠለቁት የእሱን የእጅ ሥራ ነው። ለአንዲት ልጁ ለቤቴል ግን ምን እንደሚሠራላት ግራ ገብቶት ኖሯል። ቤቴል አታገባም። ልትመነኩስ ነው።

ኢዮስያስ ከምባታ ውስጥ፣ ዱራሜ አጠገብ፣ ከወንጌላዊ አባት የተወለደ ሰው ነው። ሰሚት ባለው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነው። ቤቴል በነርስነት እንደተመረቀች ከሲኤምሲ ወዲያ ባለ የካቶሊክ ሲስተሮች ክሊኒክ ሥራ አገኘች። «ለቤት ይቀርባል፣ ሰዎቹም ጨዋ ናቸው» ብሎ ያበረታታት እሱ ራሱ ነበር። ሠርታ ትመጣለች ብሎ ነው እንጂ እዚያው ትቀራለች ብሎ አላሰበም። አንድ ቀን እራት ላይ፣ «አባዬ፣ ከእነሱ ጋር መኖር እፈልጋለሁ» አለችው። አልጮኸም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ እናቷ በየወሩ እየሄደች ስትጠይቃት እሱ አንድም ቀን ሄዶ አያውቅም። በስልክ ይነጋገራሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ መብራት ስለመጥፋቱ ያወራሉ። ስለ ዋናው ነገር ሁለቱም አያነሡም።

አሁን ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ቀን፣ የመጀመሪያ የምንኩስና ቃል ኪዳኗን ልትገባ ነው። ባለቤቱ ይህን የነገረችው ልብስ እያጣጠፈች፣ ፊቱን ሳታየው ነው።

«ቤታቸው የሚጠራው በቅድስት ክላራ ስም ነው አሉ። ጠባቂያቸው እሷ ናት» አለችው። ቀጥላም፣ «መቼም ባዶ እጅህን አትሄድም» አለች፣ መሄዱ ያለቀለት ነገር ይመስል።

አልሄድም አላለም። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ቤቱ ገብቶ፣ ለሽያጭ ሳያወጣ ያስቀመጣቸውን ድንጋዮች ከመሳቢያ አወጣ።

ሸሪፋ ያገኘችው ዶቃዎቹን ጨርቅ ላይ ሲደረድር ነው። ሸሪፋ ድንጋይ የምታቀርብለት ነጋዴ ናት። ወንድሞቿ ደላንታ ላይ ይቆፍራሉ፤ እሷ ደግሞ በከረጢት ቋጥራ ቦሌ ያሉትን ቆራጮች ታዳርሳለች። ቤቴልን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። ከትምህርት ቤት መልስ እዚያች ሥራ ቤት ጥግ ተቀምጣ ቤቴል የቤት ሥራዋን ስትሠራ ሸሪፋ ከጎኗ ሆና ትነዘንዛት ነበር።

«ጋሼ ኢዮስያስ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ዓይነት ክብ ለማን ነው? ትልቅ ትእዛዝ መጣልዎት እንዴ?»

«የለም። የግል ሥራ ነው።»

«የግል!» አንዱን ዶቃ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። አረንጓዴና ብርቱካናማ እሳት ውስጡ ተላወሰ። «ይሄ እኮ አልሸጠውም ብለው የከለከሉኝ ነው። ለባለቤትዎ ነው? ምን አጥፍተው ነው?»

«ለቤቴል ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መቁጠሪያ።»

ሸሪፋ ዶቃውን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰችው። ኢዮስያስ የሚቀልድ ሰው አይደለም።

«እናንተ ጴንጤዎች መቁጠሪያ አላችሁ እንዴ?»

«እኛ የለንም። እነሱ ናቸው ያላቸው።»

«እና ፍሬው ስንት ነው?»

ኢዮስያስ እጁን አቆመ። ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ጥያቄ ነበር። ስልኩ ላይ ፎቶ ፈልጓል። ፎቶ ላይ ያሉት መቁጠሪያዎች ግን ሁሉም ተጠቅልለው፣ አንዱ ፍሬ በሌላው ላይ ተኝቶ ነው የተነሡት፤ በቆጠረ ቁጥር የተለያየ ያገኛል። ልጁን መጠየቅ ያፍራል። ከቤቱ አጠገብ የሚኖረውን ካቶሊክ ቢጠይቅ ደግሞ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሽማግሌዎቹ ጋ ይደርሳል።

«ይሄማ ምን ያስቸግራል» አለች ሸሪፋ። «ሠላሳ ሦስት ነው። ሦስት ጊዜ። በየመሀሉ ለየት ያለ አንድ አንድ ፍሬ ያስገቡበታል። እኔ ያደግኩት የአባቴን ሙስበሃ እየቆጠርኩ ነው።»

«ያ የእናንተ ነዋ።»

«እና? የሚቆጠርለት አንድ አምላክ አይደለም? ለካቶሊክ ሲሆን ቁጥር ይቀንሳል?» ትንሽ አሰበችና ጣቷን ቀሰረችበት። «ቆይ፣ ኢየሱስ ምድር ላይ ስንት ዓመት ኖረ ነው የምትሉት?»

«ሠላሳ ሦስት።»

«አላልኩዎትም!»

ኢዮስያስ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈው። ነገሩም እያደር እውነት እየመሰለው ሄደ።

ኦፓል ለመብሳት የሚያስቸግር ድንጋይ ነው። ትንሽ ከቸኮሉበት ክር የመሰለ ስንጥቅ ይገባበትና በማግስቱ ሁለት ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ትንፋሹን እየያዘ በሳ፤ የተሰነጠቀውን እየጣለ ሌላ ቆረጠ። መገጣጠሚያው ላይ ሌሎች ሠሪዎች የቅዱሳን መልክ እንደሚያደርጉ ከፎቶው አይቷል። ምስል መቅረጹን እጁ እምቢ አለው። ምስልን አጥብቆ የሚቃወመው ወንጌላዊ አባቱ ታወሰው። ብዙ ካሰበ በኋላ አንድ ጠፍጣፋ ቡናማ ድንጋይ አለስልሶ ስሟን ብቻ ጻፈበት፦ ክላራ። «ራ»ን ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ስም ምስል አይደለም ብሎ ራሱን አጽናና።

ቃል ኪዳኑ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሥራ ቤቱን ቆልፎ ታክሲ ተሳፈረ። ሲኤምሲ ወርዶ የቀረውን በእግሩ ሄደ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ማንን እንደፈለገ ሲጠይቀው «ልጄን» አለ። ቃሉ አፉ ውስጥ አዲስ ሆነበት።

የእንግዳ ክፍሉ ንጹሕና ባዶ ነበር። ቤቴል ግራጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ሻሽ አስራ በረንዳው ላይ እየሮጠች መጣች። መሀል ላይ መሮጥ እንደማይገባት ትዝ ብሏት ረጋ አለች። ከዚያ ደግሞ ረስታው ሮጠች።

«አባዬ! ከሳህ እኮ።»

«አንቺም።»

«እኔ አልከሳሁም፤ ልብሱ ነው።»

የጠቀለለውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ እሷ ገፋው። ስትፈታው ብርሃኑ ፊቷ ላይ ተረጨ። ድንጋይ ሲመረጥ አጠገቡ ያደገች ልጅ ናት፤ ከመሳቢያው የትኛው ጥግ እንደወጡ አውቃለች። ከዚያ ጣቶቿ ሳታዛቸው መቁጠር ጀመሩ። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። አለፉ። ትንሽ ሄደው እንደገና ቆሙ። ቤቴል ከንፈሯን ነከሰች።

«ምነው?» አለ ኢዮስያስ። «ተሰንጥቋል?»

«አባዬ፣ ቁጥሩን ማን ነው የነገረህ?»

«ምን ሆነ?»

«ሸሪፋ ናት አይደል?» ፊቱን አየችውና በእጇ አፏን ሸፈነች። «ሸሪፋ ናት! ሠላሳ ሦስት!» እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «በዚህ ብጸልይ እኮ ሲስተሮቹ ጨርሰው እራት ሲበሉ እኔ ገና መንገድ ላይ ነኝ!»

«ኢየሱስም እኮ ሠላሳ ሦስት ዓመት ነው የኖረው...» ብሎ ሊከራከር ጀመረና እሱም ሳቁ አመለጠው። ዘበኛው በመስኮት አየት አድርጓቸው ሄደ። አብረው ከሳቁ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳይታወሳቸው አልቀረም።

«እንግዲህ ንገሪኝ፤ ስንት ነው?»

«አሥር አሥር፣ አምስት ጊዜ።»

«እስከ እሑድ ይደርሳል።»

ቤቴል መቁጠሪያውን ጨርቁ ላይ አስተኛችው። «አባዬ... ለእኔ ግን አይሆንም። እሑድ ቃል የምገባው የራሴ የምለው ነገር እንዳይኖረኝ ነው። የሁላችንም መቁጠሪያ የእንጨት ነው። ይሄን ይዤ አጠገባቸው እንዴት እንበረከካለሁ?»

«ለቅድስቲቱ ክብር ነው የሠራሁት» አለ። ይህን ከአፉ ለማውጣት ድንጋዩን ከመብሳት የበለጠ ታግሏል። «ይኸው ስሟም አለ።»

«አየሁት» አለች፣ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ እያሳለፈች። «ክላራ ማን እንደሆነች ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«የሀብታም ልጅ ነበረች። ጌጧንም ሁሉንም ትታ ከቤት ወጣች። ዘመዶቿ ሊመልሷት ሰው ሰብስበው መጡ።»

ኢዮስያስ ቀና አለ። «አባቷ?»

«አጎቷ ነው ይባላል።»

«እና መለሷት?»

«የመሠዊያውን ጨርቅ ጨብጣ አልሄድም አለች። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።»

ኢዮስያስ የራሱን እጆች አየ። «አባቷ ቢሆን ኖሮ ሰው አይሰበስብም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ብቻውን መጥቶ ይለምናት ነበር።»

«አንተ አልለመንከኝም።»

«አንቺ እሺ እንደማትዪኝ አውቅ ነበር።»

ቤቴል ልትመልስለት አፏን ስትከፍት የቤቱ አለቃ ሻይ በሰሐን ይዘው ገቡ። ደግ ፊት ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ሰላምታ ሰጥተውት፣ ጨርቁ ላይ ያለውን አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቤቴል ነገሩን አስረዳቻቸው።

«እንዴት ያለ እጅ ነው እግዚአብሔር የሰጠዎት!» አሉት። «ቤቴል ልትይዘው ባትችልም ለቤቱ ቢሰጡን እኮ እንቀበላለን። ጸሎት ቤታችን ውስጥ የቅድስት ክላራ ሐውልት አለ፤ እጇ ላይ እናደርገዋለን። ልጅዎም በየቀኑ ታየዋለች።»

በቅንነት ነው ያሉት። ኢዮስያስ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሲስተር። እኔ ለሰው እጅ ነው የሠራሁት። ሐውልት ላይ ተሰቅሎ ከማየው ቢበተን ይሻለኛል።»

ከተናገረ በኋላ ድምፁ መክረሩ ለራሱም ታወቀው። ሻዩን ሳይነካ መቁጠሪያውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። ቤቴል እስከ በሩ ሸኘችው።

«እሑድ ትመጣለህ?»

«እናትሽ ትመጣለች።»

«አንተን ነው የጠየቅኩህ።»

«በርዶሻል፣ ግቢ» አላትና ሄደ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሸሪፋ እየቸኮለች መጣች። «ወሰደችው? ምን አለች?»

«ሠላሳ ሦስት አልሽኝ!»

«ስንት ሆኖ ነው?»

«አሥር አሥር።»

«ሱብሃነላህ። አሥር ብቻ?» በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ቶሎ ነዋ የሚያልቅላቸው።»

የሆነውን ሁሉ ነገራት። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ሸሪፋ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ለሐውልትማ አይሆንም! ወንድሜ ከመሬት ሆድ ገብቶ ያወጣውን!» አለች፣ ድንጋዩ ዛሬም የራሷ ይመስል። በተዋወቁበት ዘመን ሁሉ በሃይማኖት ነገር እንዲህ ተስማምተው አያውቁም። ኢዮስያስ ልቡ ትንሽ ቀለለው። መቀሱን አንሥቶ ክሩን ቆረጠ። ዶቃዎቹ ሰሐኑ ውስጥ ዘነቡ።

ሸሪፋ ከሰሐኑ የፈተለከውን አንዱን ዶቃ አንሥታ መለሰችው።

«ነገ ታዲያ በስንት ሰዓት ነው?»

«እኔ እንኳ አልሄድ ይሆናል። ነገ እኛም ጋ ጸሎት አለ።»

«ጋሼ፣ ልቆጣዎት ነው።»

«ተቆጪ።»

«ልጅቷ አልፈልግም ያለችው ድንጋዩን ነው። እርስዎን አላለችም። እርስዎ ግን ድንጋይዎን ይዘው አኮረፉ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ድንጋይ የመለሰብኝን ሁሉ ባኮርፍ ኖሮ ማን ጋ እገባ ነበር?» ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «ሰላም ይበሉልኝ። ሸሪፋ ቁጥር አታውቅም ይበሏት።»

ስትወጣ ኢዮስያስ ሰሐኑን ወደ ራሱ ሳበ። ማን እንደሚይዘው አላወቀም። ቢሆንም አዲስ ክር አወጣና በየአሥሩ እየቋጠረ ይሰካ ጀመር።

እሑድ ጠዋት ባለቤቱ ነጠላዋን ደርባ ስትወጣ ኢዮስያስን ሱፍ ልብሱን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ክራቫቱን አስተካከለችለት።

ጸሎት ቤቱ ትንሽ ነው። ኢዮስያስ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሐውልቱን አንድ ጊዜ አይቶ ፊቱን መለሰ። ዝማሬው የሚያውቀው ዓይነት አልነበረም፤ የሚንበረከኩበትም የሚነሡበትም ጊዜ እየተምታታበት ከሌላው ሰው ኋላ እየቀረ ተነሣ፣ ተቀመጠ። አንድ ነገር ሲፈራ ነበር። ስሟን ይቀይሩታል ብሎ ነበር የሚያስበው። ቤቴል ከመሠዊያው ፊት ተንበርክካ ወረቀቱን ያዘች። ድምጿ ቀጭን ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም።

«እኔ ቤቴል ኢዮስያስ...» ብላ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኢዮስያስ አልሰማም። ባለቤቱ መሐረብ ስታቀብለው ነው ማልቀሱን ያወቀው።

ሲያልቅ ግቢው ውስጥ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ታደለ። እንግዳው ሁሉ ቤቴልን ሊስም ይፈልጋት ጀመር፤ እሷ ግን አልነበረችም። «ሲስተር ትብለጽን ምሳ ልታበላ ገብታለች» አለችው አንዲት ወጣት ሲስተር። «በዛሬ ቀን እንኳ ተዪው ብንላት እምቢ አለች።»

የታመሙት የሚተኙበት ክፍል ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሲስተር ትብለጽ፣ ከዓዲግራት አካባቢ የመጡ፣ ሰውነታቸው አልቆ አልጋው ውስጥ የጠፉ አሮጊት መነኩሲት ትራስ ተደግፈዋል። ዓይናቸው ጭጋግ ለብሷል። ቤቴል በአዲሱ ልብሷ ላይ ፎጣ ጣል አድርጋ ሾርባ ታጎርሳቸዋለች። አባቷን ስታይ ማንኪያው በአየር ላይ ቀረ።

«መጣህ።»

«መጣሁ።»

ዓይኑ የአሮጊቷ ቀኝ እጅ ላይ አረፈ። እጁ ብርድ ልብሱ ላይ አያርፍም። አውራ ጣታቸው ከጠቋሚው ጋር እየተፋተገ፣ የብርድ ልብሱን እጥፋት ይዞ እየለቀቀ፣ ወደ ፊት ይሄድና ይመለሳል። ኢዮስያስ ዕድሜውን የኖረው ጣት ሲያይ ነው።

«ምን ፈልገው ነው?»

«መቁጠሪያቸውን። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ከጣታቸው ያመልጣል። እንጨት ስለሆነ ደግሞ ቀላል ነው፤ ሲወድቅ አይታወቃቸውም። ባዶ ጣታቸውን እየቆጠሩ አገኛቸዋለሁ። እኔም እሱን ስፈልግ ቀኑን ሙሉ አልጋ ሥር ነኝ።»

ኢዮስያስ ኪሱ ገብቶ ጥቅልሉን አወጣ። ጨርቁን ሳይፈታ ትንሽ ቆመ።

«ድንጋይ ከባድ ነው» አለ። «ቀዝቃዛም ነው። ሲይዙት ይታወቃል፣ ሲወድቅም ይታወቃል።»

ቤቴል ገባት። ማንኪያውን አስቀመጠች። «አባዬ፣ ኦፓል እኮ ነው። ውሃ ይጠጣል። ላብ ይጠጣል። እጃቸውን በየቀኑ ቅባት እቀባቸዋለሁ፤ ዓመት ሳይሞላው ቀለሙ ይጠፋል።»

«አውቃለሁ።»

«ይሄ እኮ አልሸጥም ያልከው ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ይጠጣ።» ጨርቁን ፈታ። «ለአለቃሽ ንገሪያቸው። ለቤቱ ሰጥቻለሁ። ለአንቺ አይደለም፣ ለሐውልትም አይደለም። በዚህ ቤት የታመመ ሰው እጅ ላይ ይዋል። አንዱ ሲድን ለሌላው ይለፍ።»

ቤቴል ራሷን ነቀነቀች። ኢዮስያስ ጎንበስ ብሎ መቁጠሪያውን አሮጊቷ መዳፍ ውስጥ አደረገው። ጣቶቹ ደነገጡ። ከዚያ ተዘጉ። አውራ ጣታቸው አንዱን ድንጋይ አገኘ፤ ዙሪያውን ዳሰሰው፤ ወደ ቀጣዩ አለፈ። ሲቅበዘበዝ የነበረው እጅ ረጋ አለ።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ ሲስተር ትብለጽ በደከመ ድምፅ።

«አባቴ ነው የሠራው» አለች ቤቴል።

«አባትሽ? ያ የማይመጣው?»

ቤቴል ፊቷ ቀላ። ኢዮስያስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔው ነኝ፣ እናቴ።»

«እሰይ። ይቀመጡ እንጂ ታዲያ» አሉት። «ልጀምር ነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቤቴል በአልጋው ወዲያ ማዶ ሆና መዳፏን ከአሮጊቷ መዳፍ ሥር አድርጋ እጃቸውን ደገፈች፤ አሮጊቷ የለቀቁት እያንዳንዱ ድንጋይ በእሷ ጣቶች ላይ እያለፈ ወረደ። ጸሎቱን ሁለቱ በዝግታ ይሉታል። ኢዮስያስ ቃሉን አያውቀውም፤ ቢያውቀውም አይለውም ነበር። ከቤት ከወጣች ወዲህ ግን ልጁ ስትጸልይ ሰምቷት አያውቅም። ከግቢው ባለቤቱ «ኢዮስያስ! ፎቶ ልንነሣ ነው!» እያለች ስትጣራ ይሰማዋል፤ አልተነሣም።

አሥሩ ሲያልቅ የአሮጊቷ አውራ ጣት ክፍተቱ ላይ ደርሶ መንገዱ ጠፋው። ቤቴል ዓይኗን ጨፍና ስለነበር አላየችም። ኢዮስያስ እጁን ዘረጋና ቀጣዩን ድንጋይ ወደ ጣታቸው አስጠጋላቸው።